ክትክታን ከዘር አብቅሎ ሕያው አጥር ማድረግ

ክትክታን ስሙን ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የምናውቀው ግን ተቆርጦ ነው። ዱላ ሆኖ፣ የመጥረቢያ እጀታ ሆኖ፣ ማገር ሆኖ፣ ማገዶ ሆኖ። ቆሞ ሳለ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ድንጋያማ ተረተር ላይ ማንም ሳይተክለው ስለሚበቅል ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ግቢ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚመነጠረው እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ በቦታው የአጥር ተክል በገንዘብ ይገዛል፤ ውሃ የሚፈልግ፣ ፍየል የሚበላው፣ ወፍ የማይጠጋው።

እኔ ክትክታ ሳይቆረጥ የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ በየደረጃው እያነሳሁ፣ ከዘር ለቀማ ጀምሮ እስከ ክርከማ ድረስ አሠራሩን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ክትክታን የደጋና የወይና ደጋ ተክል ብቻ አድርገን ነው የምናስበው። በሌላው ዓለም ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥቋጦም ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዶዶኒያ ቪስኮሳ ይባላል። ዘመዶቹ በብዛት የሚገኙት አውስትራሊያ ውስጥ ነው። እሱ ግን በባሕር ተጉዞ አፍሪካን፣ እስያን፣ አሜሪካንና የፓሲፊክ ደሴቶችን አዳርሷል። አሸዋማ ባሕር ዳር የሚኖረው ወገን ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፤ የእኛው ጠባብና ረዘም ያለ። ሃዋይ ላይ ከባሕር ዳር አሸዋ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ እስካለው የተራራ ወገብ ድረስ ይበቅላል። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ማኦሪዎች ከእንጨቱ የጦር ዱላ ይሠሩ ነበር። ዓለምን ግማሽ ዙራችሁ ብትሄዱም ክትክታ ያው ዱላ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ጨው የተሸከመ ነፋስ፣ ምግብ የሌለው አሸዋና የሚያቃጥል ፀሐይ የቻለ ተክል በግቢያችሁ ጥግ ያለውን ደረቅና ጠጠራማ መሬት አይፈራም። እሱን የሚያሸንፈው ሌላ ነገር ነው። የቆመ ውሃ።

ቦታ መምረጥ

ሙሉ ፀሐይ ያለበትን ስጡት። ጥላ ውስጥ አይሞትም፤ ግን ይመነምናል፣ ወደ ላይ ይሳባል፣ ከታች ራቁቱን ይቀራል። ለአጥር የማይሆነው ያኔ ነው።

አፈሩን ለመፈተን አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ካለ ቦታው ለክትክታ አይሆንም። መረሬ መሬት ያላችሁ ሰዎች አማራጫችሁ አፈሩን በድንጋይና በጠጠር ከፍ አድርጎ ጉብታው ላይ መትከል ነው። ቀይ አፈር፣ አሸዋማ፣ ድንጋያማ፣ ኖራ የበዛበት፣ ሁሉም ይስማማዋል። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። እንዲያውም ሲጠግብ ቅርንጫፉ ለስላሳ ሆኖ ይረዝምና በነፋስ ይወድቃል።

ከማድ ቤትና ከምድጃ ግን አርቁት። ቅጠሉ ላይ ያለው ሙጫ እርጥብ ሆኖም እሳት ይይዛል። ማገዶነቱን የሚወዱለት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ።

ዘር መልቀም

ክትክታ ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ተክል ላይ ናቸው። አንዳንዱ ሁለቱንም ይይዛል። ዘር የምታገኙት ከሴቷ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ክንፍ ያለው ፍሬ የተንዠረገገባት ሴት ናት።

ፍሬው ስስ ወረቀት የሚመስሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክንፎች አሉት። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል፤ ተክሉ የሚያምረው ያን ጊዜ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት አበባ ያወጣ ይመስላል። ለዘር ግን ገና ነው። ቀለሙ ለቆ ቡናማ ሲሆን፣ ሲነኩት ሲንኮሻኮሽ፣ ያኔ ደርሷል። ጊዜው እንደየቦታው ስለሚለያይ ወር አልነግራችሁም። ቀለሙን እዩ። በጣም ከዘገያችሁ ነፋስ ይቀድማችኋል፤ ክንፉ የተሠራው ለዚያ ነው።

ከአንድ ተክል ብቻ አትልቀሙ። ከአሥር ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ተራርቀው ከቆሙ ተክሎች ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። እንዲህ ስታደርጉ ችግኞቹ አንድ ዓይነት ድክመት አይኖራቸውም፣ ወንድና ሴትም ይደባለቅላችኋል። ከእያንዳንዱም አብዛኛውን ተዉለት። ባለቤት ያለው መሬት ከሆነ አስፈቅዱ። የተከለለ ተራራ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አትግቡ።

የምትለቅሙበት ቦታ ከምትተክሉበት ጋር በከፍታና በዝናብ የሚቀራረብ ይሁን። ለባሕር ጠረፍ ግቢ የደጋ ዘር መውሰድ፣ ወይም የደሴት ዘር ወደ ሌላ አገር ማሻገር ልክ አይደለም። በየቦታው የራሱ ክትክታ አለ፤ የአካባቢውን ፈልጉ።

የለቀማችሁትን ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስጡት። ሌላ ስስ ጨርቅም ጣል አድርጉበት፤ አለበለዚያ ትንሽ ነፋስ ከመጣ ክንፍ አለው፣ ይሄዳል። ሲደርቅ በመዳፍ እሹትና በሰፌድ አበጥሩት። ሰፌዱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ ተለቅ ያለ ዘር ነው። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ቶሎ አይበላሽም።

ዘሩን ማንቃት

ክትክታ ዘርቼ አልበቀለልኝም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው። የዘሩ ቅርፊት ውሃ አያስገባም። እርጥብ አፈር ውስጥ ወራት ቢቀመጥ እንኳ ውስጡ ደረቅ ነው። በተፈጥሮው ይህ ጥሩ ስልት ነው፤ ዘሩ ሁሉ በአንድ ዝናብ አይወጣም፣ በባሕር ሲጓዝም ጨው ውሃ አይገባበትም። ችግኝ ለሚፈልግ ሰው ግን ራስ ምታት ነው። መፍትሔው ሙቀት ነው።

ውሃ አፍሉ። ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዱት። ዘሩን ትንሽ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ ንከሩትና ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ያህል አቆዩት። ከዚያ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገልብጡት። እሳት ላይ እንዳለ አትቀቅሉት፤ ረዘም ካለ ዘሩ ይበስላል።

ዘሩን በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ስታዩት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የነቃው አብጧል፤ ከትናንቱ በግልጽ ይተልቃል፣ በጥፍር ሲጫኑትም ለስለስ ይላል። ያልነቃው እንደነበረው ነው፤ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ አንጸባራቂ። ያበጠውን ለይታችሁ ያንኑ ቀን ዝሩ። እንደገና ከደረቀ ይሞታል። ያላበጠውን አትጣሉት፤ ፈላ ውሃውን ድገሙለት። ከታች ሳይሰምጥ ላይ የቀረ ካለ ግን አብዛኛው ባዶ ቅርፊት ስለሆነ ድፉት።

ዘራችሁ ጥቂት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም ይሠራል። ሁለት ወረቀት መካከል አድርጋችሁ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ለብዙ ዘር ግን እጅ ያዝላል።

መዝራትና ችግኝ ማሳደግ

ችግኙ ክረምት መግቢያ ላይ ለተከላ እንዲደርስ ጥር ወይም የካቲት ላይ መዝራት ነው። ከረጢት ውስጥ በቀጥታ መዝራቱን እመርጣለሁ። መደብ ላይ ዘርቶ ማዛወር ይቻላል፣ ግን ሥር ይጎዳል።

ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ቀላቅሉ። ከረጢቱ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። በየከረጢቱ ሁለት ዘር አድርጉና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አፈር አልብሱት። ላዩን በስስ ሣር ሸፍኑ። ውሃ ስታጠጡ በርጭት ይሁን፤ በጆግ ከደፋችሁበት ዘሩ ተጠርጎ ጥግ ላይ ይከማቻል።

በደንብ የነቃ ዘር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ብቅ ሲል ሣሩን አንሱ። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ከሥሩ ቁረጡት፤ ከነቀላችሁት የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ ጥላ ስጡት። ከተከላ በፊት ባለው የመጨረሻ ወር ግን ጥላውን አንሱ፣ ውሃውንም ቀንሱ። ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል።

ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለተከላ ይበቃል። ትልቅ ይሁን ብሎ ማቆየት ትርፉ ኪሳራ ነው። ሥሩ ከረጢቱ ውስጥ ይጠማዘዛል፣ ከዓመታት በኋላም ደህና የሚመስለው ተክል አንድ ነፋሻ ቀን ላይ ከነሥሩ ግልብጥ ይላል።

ከቅርንጫፍም ማራባት ይቻላል። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ወይም እንደ ኒውዚላንዱ ባለ ወይን ጠጅ ቅጠል ያለ የተመረጠ ዓይነት ላለው ሰው ይሄ ነው መንገዱ። ገና ጠንከር ማለት ከጀመረ ቅርንጫፍ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አሸዋ ውስጥ መትከል፣ እርጥበቱንም መጠበቅ ነው። ሥር ለማውጣት ያዘገማል፣ ከፊሉም ይደርቃል። ዘር ካለ ዘሩ ይሻላል።

ተከላ

ጉድጓዱን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ያንኑ ያህል ስፋት። ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ ትከሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል መሮጥ አያስፈልግም።

ከረጢቱን በምላጭ ከጎን ቅደዱትና ሥሩን እዩት። ከታች የተጠቀለለ ካለ ፍቱት፤ ካልተፈታ ቁረጡት። ችግኙ ከረጢቱ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀበር። አፈሩን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከታች በኩል አፈሩን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከፍ አድርጉለት፤ የሚወርደውን ጎርፍ ይይዝለታል።

ለአጥር ከሆነ በመካከላቸው ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ቦታ ካላችሁ ሁለት መስመር አድርጋችሁ አፈራርቃችሁ ትከሉ። ነፋስ ለመከላከል ብቻ ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ይበቃል። ብቻውን ለሚቆም ተክል ከግድግዳ ሁለት ሜትር አርቁት፤ ከፍታው እንደ ቦታው ከሁለት እስከ አምስት ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ባሕር ጠረፍ ላይ የምትኖሩ አንባቢዎች ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ትንሹን ችግኝ ምረጡ፤ ረጅሙን ነፋስ ይገነድሰዋል። ሁለተኛ፣ አሸዋ ቶሎ ስለሚደርቅ ከተለመደው ትንሽ ጠለቅ አድርጉ፣ በባሕሩ በኩልም ለመጀመሪያው ዓመት ጆንያ ወይም እንጨት አቁሙለት። ሦስተኛ፣ ጨው ያለበትን ነፋስ ይችላል ማለት ማዕበል የሚደርስበት ጨዋማ ረግረግ ላይ ይኖራል ማለት አይደለም። ነፋሱ የሚያጎብጠውን ቅርንጫፍ ለማቃናት አትድከሙ። አጥሮና አጎንብሶ የቆመው የበለጠ ይጋርዳል።

የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጡት። ሁለተኛው በጋ ላይ አራርቁት። ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። ፍየልና በግ ብዙም አያስፈሩም፤ ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ቀምሰው ይተዉታል። የሚረግጥ ከብት ካለ ግን ለጊዜው እሾህ ክበቡለት።

መከርከም፣ ግን ለማን?

ጉልበት ላይ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥቡት። ይህን ካላደረጋችሁ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ከጎን ቅርንጫፍ ሲያወጣ የእነሱንም ጫፍ ቀንጥቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ይህን ከደጋገማችሁት ከመሬት ጀምሮ የሞላ አጥር ታገኛላችሁ። ቅርጹ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ተገልብጦ ከላይ ከሰፋ የታችኛው ቅጠል ፀሐይ አጥቶ ይረግፋል።

ቅጠል የሌለበት አሮጌ እንጨት ድረስ ወርዳችሁ አትቁረጡ። ሁልጊዜ ከቆረጣችሁበት በታች አረንጓዴ ቅጠል ይቅር። ያረጀ አጥር ማሳጠር ካለባችሁ በአንድ ቀን ሳይሆን ዓመት እየጠበቃችሁ ቀስ በቀስ አድርጉት።

አበባውም ፍሬውም የሚይዘው ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ነው። ስለዚህ አጥሩን በየወሩ በመቀስ ስታስተካክሉ ፍሬውን አብራችሁ እየጣላችሁ ነው። ያ የሚያምረው ሮዝ ክንፍ አይኖርም፣ ወፉም የሚለቅመው አያገኝም። ለአጥር ያህል ቆንጆ ነው፤ ለወፍ ግን ግድግዳ ነው። እኔ የምመክረው የመንገዱን በኩል ለዓይን መከርከም፣ የግቢውን በኩል መተው ነው። ወይም ዘንድሮ አንዱን ጎን፣ ለከርሞ ሌላውን። ደግሞም መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ቅርንጫፎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ጎጆ መኖሩን እዩ። እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ ሥራው ይቆይ።

ማን ይጠቀምበታል?

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። ክትክታ የንብ ግብዣ አይደለም። አበባው መልኩ ያልተነሳ፣ ቅጠለ አበባ የሌለው፣ አረንጓዴ ቢጫ ነገር ነው፤ የሚያዳቅለውም ነፋስ ነው። ንብ ለአበባው ዱቄት ልትመጣ ትችላለች፣ ወለላ ግን አታገኝም። ማር የሚያስብ ሰው ከጎኑ ግራዋ ወይም ብሳና ይትከል።

የክትክታ ውለታ መጠለያነቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያራግፍም። በጋ ላይ ሌላው ሁሉ ሲራቆት እሱ አረንጓዴ ነው። ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ስለሚል ትናንሽ ወፎች ከጭልፊት ይሸሸጉበታል፣ ጎጆም ይሠሩበታል። ሸረሪቶችና ነፍሳት በቅጠሎቹ መካከል ይኖራሉ፤ እነሱን የሚለቅሙ ወፎችም ይከተሏቸዋል። መሬት ላይ የወደቀውን ዘር ርግብና ሌሎች ዘር ለቃሚዎች ይጭሩታል። ስለዚህ ከሥሩ የሚረግፈውን ቅጠል በየቀኑ አትጥረጉት። ከድንጋይ ጋር ተዉት፤ እንሽላሊትም ትመጣለች።

ሌላው ውለታው ለዛፎች ነው። የተጎዳ ተራራ ከከብት ንክኪ ሲከለል ቀድመው ከሚታዩት አንዱ ክትክታ ነው። አፈሩን ይይዛል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ከብት በውስጡ ለመግባት አይጓጓም። ይህን በግቢያችሁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ክትክታው ወገብ ሲደርስ ከሥሩ ጥላ በሚያርፍበት በኩል የወይራ ወይም የጽድ ችግኝ ትከሉ። በጠራራ ፀሐይ ላይ ብቻውን ከሚቆመው ይልቅ የተጠለለው የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ዛፉ ሲያድግና ጥላው ሲበዛ ክትክታው ቦታውን ይለቅለታል።

አጥሩን ለወፍ ሙሉ ማድረግ የሚፈልግ አጋምና ቀጋ ይጨምርበት። ሁለቱም እሾህ አላቸው፣ ሁለቱም ወፍ የሚወደው ፍሬ ይሰጣሉ። በአምስት ክትክታ መካከል አንድ አጋም ካስገባችሁ ሌባም አይደፍረውም።

ችግር ሲያጋጥም

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ መጀመሪያ ውሃ አብዝታችሁ እንደሆነ አስቡ። አዲሱ ቅጠል ሲነኩት ጣት ላይ የሚጣበቅና ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል ከሆነ በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ወይም ቅጠል ላይ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት። መርዝ መርጨት ያሸሻችሁትን ወፍ አይመልስም።

ቅጠሉ ውስጥ ከብትን ሊመርዝ የሚችል ነገር አለ። ሜዳ ላይ ምርጫ ያለው እንስሳ አይበላውም። የከረከማችሁትን ግን በረት ውስጥ ለተዘጋ ለተራበ ከብት አትስጡ።

ሰፊ የግጦሽ መሬት ላይ ደግሞ ሳይጠሩት ሊበዛ ይችላል። እንዲህ ያለ መሬት ካላችሁ ፍሬው ከመድረቁ በፊት በዚያ በኩል ያለውን ጎን ከርክሙ። ግቢ ውስጥ ከአጥሩ ሥር በራሳቸው የበቀሉ ችግኞች ካያችሁ አትጨነቁ። ጣት ያህል ሳሉ ዝናብ በጣለ ማግስት ከነአፈራቸው ነቅላችሁ ከረጢት ውስጥ አድርጓቸው፣ ጥቂት ሳምንታት ጥላ ሥር አቆይታችሁ አጥሩ የሳሳበት ቦታ ላይ ትከሏቸው።